ከካሴቱ የጠፋችው ወፍ

ዛሬ ጠዋት የሠራሁትን ጅልነት፣ ጎረቤቴ ኦሞድ ለሰፈሩ ከማዳረሱ በፊት፣ ራሴው ልናገረው። ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝን አዲስ የመስሚያ መሣሪያ ጆሮዬ ውስጥ ሰክቼ ፊቴን ልታጠብ ወደ ግቢ ወጣሁ። ገና ጆጉን ሳነሳ ቀጭን፣ ሽቦ የመሰለ የወፍ ድምፅ ሰማሁ። አወቅኋት። የደጋ ጫካ ወፍ ናት፤ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ በዚህ ሙቀት፣ ዝር አትልም። በደንብ ልስማት ብዬ መዳፌን ወደ ጆሮዬ ሳስጠጋ ጭራሽ ቀረበችኝ። እጄን ሳወርድ ዝም አለች። ወደ ማንጎው ሥር ሄድኩ፣ እዚያም አለች። ወደ ጓሮ ዞርኩ፣ እዚያም አለች። ወፊቱ ወዳኛለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ የሚከተለኝ ፍጥረት መገኘቱ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ወዲያው የዱር እንስሳት ነገር የሚከታተለውን አንድ ወጣት ባለሙያ በስልክ ቀሰቀስኩና፣ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ግቢዬ ውስጥ አለ፣ ቶሎ ና አልኩት። ከዚያ ኦሞድን በአጥር ላይ ጠራሁት።

ኦሞድ ከአውሮፕላን ማረፊያው በጡረታ የወጣ አኙዋክ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሻንጣ ሲጭንና ሲያወርድ ስለኖረ ነገርን አገላብጦ ሳያይ አይነካም። መጥቶ ዙሪያዬን ዞረ። እጅህን አንሳ አለኝ፣ አነሳሁ። አውርድ አለኝ፣ አወረድኩ። ደግሞ አነሳሁ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ብሎ ቆየና፣ «አንተ ሽማግሌ፣ ወፉ እዚህ ውስጥ ነው ያለው» አለኝ። ለካስ መሣሪያው እጅ ሲጠጋው ያፏጫል። ልጄ አስቀድማ ነግራኝ ነበር አሉ፤ ግን ስትነግረኝ መሣሪያውን ገና አላደረግሁትም ነበርና እንዴት ልስማት? ባለሙያው በባጃጅ ደርሶ፣ የሩቅ ማያ መነጽሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ በጣም በትሕትና ታሪኩን አዳመጠ። ላለመሳቅ ሲታገል ጉንጩ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ማንጎ አስይዤ ሸኘሁት።

እውነተኛዋ ወፍ ከአውራ ጣት እምብዛም የማትበልጥ፣ አመድማ ቡናማ፣ አንድም የሚያኮራ ላባ የሌላት ናት። ዓይኗ ብቻ ትልቅ ነው። ከጫካው ዳር አንዲት ደረቅ ቅርንጫፍ ትመርጥና እዚያ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ዝንብ ወይም ትንኝ ስታይ ውልብ ትላለች፣ አየር ላይ ቀለብ ታደርጋለች፣ ተመልሳ እዚያችው ቅርንጫፍ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ቁጭ። ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው ሥራዋ። መጽሐፍ ላይ ረጅም ስም ይኖራት ይሆናል። እኔ የማውቃት ግን አይቻቸው የማላውቅ አንዲት እናት በሰጧት ስም ነው፤ ዘበኛ። በዓይኔ ያየኋት እንኳ ድምፅዋን ካወቅሁ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በዚሁ በክልላችን ደጋ፣ ከሜጢ ወዲያ ካለው ጫካ ውስጥ ነው። ያኔ ሳያት አዲስ አልሆነችብኝም፤ በድምፅ ብቻ የማውቀውን ዘመድ በአካል ያገኘሁ ያህል ነበር። ምክንያቱም ወፊቱን መጀመሪያ የሰማኋት ከካሴት ነው።

ከገበያው ወደ ባሮ ድልድይ ስትወርዱ ዛሬ የስልክ ካርድና የስልክ ሽፋን የሚሸጥበት፣ በረንዳው ላይ ባጃጆች የሚሰለፉበት ቤት አለ። እዚያ ቤት ውስጥ ነበር የካሴት ቤታችን። የእኛ ማለቴ የጋሽ መኩሪያ ነው፤ እኔ ቀጂ ነበርኩ። ጋሽ መኩሪያ ከጎሬ የወረዱ፣ ቦርጫቸው ከሳቸው ቀድሞ የሚገባ፣ ባለአራት ኪስ ሳፋሪ የማያወልቁ ሰው ነበሩ። ከአራቱ ኪስ አንደኛው ውስጥ ሁልጊዜ ካሴት ማጠንጠኛ እስክሪብቶ ይቀመጣል። እኔ ደግሞ በሌላው አገር ፋሽኑ ካለፈ በስንት ዓመቱ ጋምቤላ የደረሰ ቤልቦተም ሱሪ፣ ከሥሩ ኮንጎ ጫማ፣ ከላይ ማበጠሪያ የተሰካበት አፍሮ ነበረኝ። ዛሬ ራሴን በመስተዋት ሳይ ያ ሁሉ ፀጉር የት ሄዶ ነው እላለሁ። ሻይ በስሙኒ ነበር። የባሮን ዓሣ በብር ከገዛችሁ የምትሸከሙበት ትቸገራላችሁ። ማንጎ የሚገዛ ሰው ቢኖር ጤንነቱ ያጠራጥር ነበር። ባዶ ካሴት ግን ውድ ነው፤ አንድ ካሴት ላይ አሥር ጊዜ ይቀዳበታል። አንዱ ገጽ ላይ የአማርኛ ትዝታ፣ ሌላው ገጽ ላይ የሱዳን ዘፈን፣ መሀሉ ላይ ያልጠፋ የአንድ ሰው ሠርግ እልልታ። በረንዳችን ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሲከፈት ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች የተሸከሙትን እንደተሸከሙ እርምጃቸውን ከዘፈኑ ጋር ያስተካክሉ ነበር። ዛሬ ሁሉም ሰው ዘፈኑን ለብቻው ጆሮው ውስጥ ሰክቶ ይሄዳል። እኔም ሰክቻለሁ፣ የኔው ያፏጫል እንጂ አይዘፍንም።

ዋናው እንጀራችን ግን ዘፈን አልነበረም፤ የድምፅ ደብዳቤ ነበር። ከወሎና ከሌላውም ደጋ ወደ አቦቦ በኩል የሰፈሩት ሰዎች ከአገር ቤት ዘመዶቻቸው ጋር የሚገናኙት በካሴት ነበር። ያኔ ከሰፈራ ጣቢያ ተነስቶ እንደ ልብ አገር ቤት ደርሶ መምጣት የሚባል ነገር አልነበረም። መጻፍ የሚችለውም ጥቂት፣ ስልክ የሚባለውም ከኛ ጋር ያልተዋወቀ ነበር። አገር ቤት ያለው ዘመድ በአንደኛው ገጽ ይናገራል፤ ካሴቱ በሾፌሮች እጅ ይመጣል። እኛ ደብዳቤውን በሌላ ካሴት ገልብጠን ለባለቤቱ እንሰጣለን፤ በዋናው ካሴት ሁለተኛ ገጽ ላይ መልሱን ቀድተን በዚያው ሾፌር እንመልሳለን። ሾፌሮች ስለማይቆዩ ሰዉ የመጣለትን ሳይሰማ መልሱን ይናገራል። ደብዳቤውማ የሚሰማው ሰፈር ተሂዶ፣ የአንድ አገር ልጆች ተሰብስበው ነው፤ ለብቻ መስማት ነውር ነበር። ያልሰሙትን ደብዳቤ መመለስ አያስቸግርም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አያስቸግርም፤ ሁሉም ሰላምታ ነዋ። እኔ ከጓዳው፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ከተሰቀለበት ጠባብ ክፍል ሆኜ፣ ማይክሮፎኑን ፈርተው ለሚንተባተቡት፣ አይዟችሁ፣ ዘመዳችሁ ፊት ለፊት እንደተቀመጠ አድርጋችሁ ተናገሩ እያልኩ አደፋፍር ነበር። አቤት ምክር ስሰጥ!

ከደንበኞቻችን አንዷ እቴ ዘሀራ ነበረች። ወሎዬ፣ ያኔ የሠላሳ ዓመት ግድም ሴት፣ ባሏንና ሁለት ልጆቿን ይዛ የሰፈረች። እናቷ እማማ ከድጃ ወሎ ቀርተዋል። ወንድሟ ሰይድ ነው ካሴቱ ላይ የሚናገረው። እናትየው አጠገቡ ይቀመጣሉ እንጂ ቃል አይተነፍሱም፤ ለልጄ የምለውን መንደር ሙሉ ሰው ለምን ይሰማዋል ይላሉ አሉ። ታዲያ ከሰይድ ድምፅ ጀርባ ያቺ ቀጭን ድምፅ ሁልጊዜ ትሰማ ነበር፤ ጺ… ጺ… ጺ። መጀመሪያ ካሴቱ የተጎዳ መስሎኝ ለእቴ ዘሀራ ይቅርታ ብጠይቃት ሳቀችብኝ። ቤታቸው ጫካው ጥግ ነው፤ ከበረቱ በር ላይ ከወይራው በወጣች ደረቅ ቅርንጫፍ ወፊቱ ተቀምጣ የከብቱን ዝንብ ትለቅማለች። ወፊቱ ማንም ሲገባና ሲወጣ ቆማ ስለምታይ እናቷ ዘበኛዬ ይሏታል። እቴ ዘሀራ የሰይድን ሰላምታ በቃሏ ታውቀዋለች፤ የምትሰማው ወፊቱን ነበር። ወፊቱ ካለች በረቱ አለ፤ በረቱ ካለ እናቷ በሩ ላይ ናቸው።

የዚያን ዓመት፣ ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ጋሽ መኩሪያ አዲስ ማሽን አመጡ። ሁለት ካሴት ጎን ለጎን የሚጎርስ፣ ፊቱ በሙሉ ቁልፍ የሆነ፣ ማታ ማታ በጨርቅ የሚሸፍኑት ማሽን ነው። ሽሽ የሚለውን፣ የሚያፏጨውን፣ የሚንጫጫውን ሁሉ የሚያጠፋ ቁልፍ ነበረው። በዚያው ሰሞን ሾፌር ጌታቸው የእቴ ዘሀራን ካሴት ይዞ መጣ። ጋሽ መኩሪያ እሷን ይወዷታል፣ ያዝኑላትማል፤ ስለዚህ በራሳቸው እጅ ገለበጡላት፣ አጽድተውም ሰጧት፣ የጽዳቱን አላስከፈሏትም። እኔ ያን ጊዜ ጓዳ ሌላ ደንበኛ እየቀዳሁ ነበርኩ፤ የሷን መልስ የቀዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ካሴቱን ለጌታቸው አስረከብነው፣ እሷም ግልባጯን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ አቦቦ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሱቁን ገና ስንከፍት፣ እቴ ዘሀራ በረንዳው ላይ ቆማ አገኘናት። ባዶ እግሯን ነበረች፤ በትራክተር ተሳቢ ተጭና ነው የመጣችው። ሰላምታ እንኳ አልሰጠችንም። ግልባጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ እናቴ ሞታለች አለች። ማታ ጎረቤቶቿ ተሰብስበው ሲሰሙ ወፊቱ የለችም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሰይድ ድምፅ ብቻ፣ ጥርት ብሎ፣ ዝግ ቤት ውስጥ እንደሚናገር ሰው። ሰይድ ሌላ ሰው ቤት ገብቶ ነው የቀዳው፤ ለምን? የኛ ቤት ለቅሶ ስለተቀመጠበት ነው። ሁላችንም ደህና ነን ያለውም መርዶው በወጉ እስኪነገር ነው። ጎረቤቶቿም ያን ጊዜ ዝም ማለታቸው፣ አንዷ ሳትጠየቅ ልጆቿን ይዛላት መሄዷ፣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ሆነባት።

ጋሽ መኩሪያ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ የሚያፏጭ ነገር ነበረው፣ ጉድለት መስሎኝ ነው አሏት። እንዴት ያለ ፉጨት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ያ የተከበረ ሰውዬ ከነሳፋሪያቸው ከንፈራቸውን አሹለው በጥርሳቸው መሀል ጺ፣ ጺ አሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ወለል ላይ ተንከባልዬ እስቅ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ጋሽ መኩሪያ፣ እርስዎ ደግ ሰው ነዎት። ደግ ሰው ደግሞ መርዶ ይደብቃል።»

እውነቷን ነው። እኛ አገር መርዶ ያለበትን ሰው ዓለም ሁሉ ተባብሮ ነው የሚዋሸው፤ ሐኪሙ፣ ጎረቤቱ፣ ሾፌሩ፣ ያገሩ ሽማግሌ ሁሉ። እኛ ብንምል፣ ብንገዘት፣ በማልንና በተገዘትን ቁጥር ይበልጥ መሞታቸውን ታምናለች። ወፊቱን ከራሷ አፍ ካልሰማች በቀር የሚያሳምናት ነገር የለም። ወፊቱ ያለችው ደግሞ ዋናው ካሴት ላይ ነው፤ ካሴቱ ከጌታቸው ጋር ነው፤ ጌታቸው የሚነሳው ያን ጠዋት ነው። ከዚያ ካመለጠን ሌላ ካሴት እስኪመጣ ክረምቱን ሙሉ በሕይወት ያለች እናቷን ስታለቅስ ልትከርም ነው።

ሮጥን። ሱቁን ማን እንደዘጋው እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ከፊት፣ እቴ ዘሀራ ከኋላዬ፣ ጋሽ መኩሪያ ቦርጫቸውን በሁለት እጃቸው ደግፈው ከሩቅ። ከገበያው ቁልቁል፣ በማንጎዎቹ ሥር፣ ዓሣ በሚዘረጉት ሴቶች መሀል። ቤልቦተም ሱሪ ለመሮጫ እንዳልተሠራ የዚያን ቀን ገባኝ፤ የግራው እግሬ የቀኙን ሱሪ ረግጦ ዓሣዎቹ አጠገብ ተዘረርኩ። አንዱ ኮንጎ ጫማዬ እዚያው ቀረ፤ እግሬን ጠርሙስ ቆረጠኝ፤ ተነስቼ በአንድ ጫማ ሮጥኩ። ሴቶቹ ሌባ ነው ብለው ይሁን አይዞህ ብለው አላውቅም፣ በአኙዋክኛ አንድ ነገር ብለው ከኋላዬ ሳቁ።

የጌታቸው ኤንትሬ የጭነት መኪና ድልድዩ አጠገብ ነበር፤ ሞተሩ ተነስቶ፣ እላዩ ላይ ሰው ሞልቶ፣ ረዳቱ ታኮውን ከጎማው ሥር እያወጣ። መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ ነገሩን ነገርኩት። ካሴቱንማ ወዲያው አወጣ፣ የራሱን ዘፈን ነቅሎ ያንን ከተተው፣ ወደ ኋላ አጠነጠነው። ግን በዚያ ሞተር ጩኸት እንኳን ወፍ ሰይድም አይሰማ። አጥፋው አልኩት። ባትሪው እንደደከመ፣ ቴፑን እንጂ ሞተሩን እንደማይችል፣ ከጠፋ በግፊ ካልሆነ እንደማይነሳ ነገረኝ፤ እዚህ ዳገት ላይ ማን ይገፋዋል አለኝ። በዚህ መሀል እቴ ዘሀራ ደረሰች። በጋቢናው በር ቆማ መሪውን የያዘ እጁን አየችው። ጌታቸው አያትና ሞተሩን አጠፋው።

እላይ ያሉት ሰዎች ምን ሆነን ነው እያሉ መጮህ ሲጀምሩ ረዳቱ የመኪናውን ጎን በዘንግ መታና ዝም አሰኛቸው። የሰይድ ድምፅ መጣ። እንዴት ከርማችኋል፣ እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን፣ ጊደሯ ወለደች፣ የአጎትሽ ልጅ አገባች። ምንም የለም። ሽሽ የሚለው የካሴቱ ድምፅ ብቻ ነው። የሷን ፊት ላለማየት ወደ ባሮ ዞርኩ። ሰይድ ትንፋሽ ወሰደ። ከጀርባው ያቺ ቀጭን ድምፅ መጣች፤ ጺ። ቆየችና፣ ጺ… ጺ። ለአፍታ ዝም አለች፣ ዝንብ ይዛ ተመለሰች መሰለኝ፣ ደግሞ ጺ። ከዚያም ከወፊቱ ጀርባ፣ ማሽኑ ከነወፊቱ አጥቦት የነበረ፣ አንድ የተጎተተ የአሮጊት ሳል ተሰማ።

«የሷ ሳል ነው» አለች እቴ ዘሀራ፤ እዚያው የመኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች።

አለቀሰች ልበል፣ ሳቀች ልበል? ሁለቱንም በአንድ አፍ ነው ያደረገችው። እላይ ያሉት ሰዎች ነገሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲደርሳቸው እልል አሉ፤ ከዚያ ሳይጠየቁ ወረዱና መኪናውን ለመግፋት ከኋላ ተደረደሩ። ጋሽ መኩሪያ ያን ጊዜ ነው የደረሱት። ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ፣ ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ፣ ቦርጫቸውን ከመኪናው ጋር አስደግፈው ገፉ። እኔ በአንድ ጫማ፣ እሷ በባዶ እግሯ። ሞተሩ ሲነሳ ጭሱ ሁላችንንም አጠቆረን። ጌታቸው ሳይቆም፣ ለእናትሽ ምን ልበልልሽ ብሎ በመስኮት ጮኸ። ስሚ በላት፣ ካሁን በኋላ አንቺም ተናገሪ፣ ልቤ አይችልም ብላለች በላት አለችው።

መልእክቱ ደረሰ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመጣው ካሴት ላይ፣ ከሰይድ ሰላምታ ቀጥሎ፣ እማማ ከድጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። የዚያን ቀን እቴ ዘሀራ ሰፈር እስክትደርስ አልታገሰችም፤ እዚያው ጓዳ፣ ብርድ ልብሱ ሥር ሰማነው። አዲሱን ማሽን ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው ሸፍነውታል፤ በአሮጌው ነበር። ለልጃቸው ያሉት የእናትና የልጅ ነውና እዚህ አልጽፈውም። ወፊቱም ከላይ ከላይ ትገባባቸው ነበር። ሲጨርሱ ግን ማሽኑ ሊጠፋ ሲል እንደገና መለሱትና እንዲህ አሉ፤

«አንተ ካሴት ቤት ያለኸው ልጅ፣ ስምህን ሾፌሩ አልነገረኝም። ለልጄ ብለህ ስትሮጥ እግርህን ቆረጠህ አሉኝ። ዳነልህ ወይ የኔ ልጅ? በራስህ አፍ ንገረኝ፣ እጠብቃለሁ።»

የዚያኑ ቀን እቴ ዘሀራ መልሷን ስትጨርስ ማይክሮፎኑን ወደኔ ገፋችው። ያዝኩት። ያ ሁሉ ሰው እንዲናገር ስመክር የኖርኩ ሰው ላብ አጠመቀኝ። ቴፑ ዞረ፣ ዞረ፣ የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ተቀዳ። በሚቀጥለው እናገራለሁ ብዬ አጠፋሁት። በሚቀጥለው ሰው በዝቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ባለው ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ ድምፄ አያምርም ብዬ ተውኩት። ዘመኑ ዞረ፤ ሰዉ እንደ ልቡ አገር ቤት መመላለስ ጀመረ፣ ስልክም ገባ፣ ካሴት ቤቱም ተዘጋ። ጋሽ መኩሪያ አረፉ። የእማማ ከድጃ መርዶም ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በትክክለኛው ጊዜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌዎች አፍ፣ በወጉ ለእቴ ዘሀራ ተነገራት። አቦቦ ወርጄ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተቀምጫለሁ። እሷ አሁንም እዚያው ታርሳለች፤ ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ይዛ፣ አንተ ደምሴ፣ ለእናቴ እኮ አልመለስክላትም ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ።

እግሬ ያኔውኑ፣ ገና ካሴቱ ሳይደርሰኝ ነው የዳነው። አልነገርኳቸውም።